የተመለሰው ሌላ ነበር

የስቅለት ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ካህናትና ዲያቆናት እቅፍ ሙሉ ቄጠማ ይዘው ከየደብሩ ይወጣሉ። ቃጭል እያሰሙ በየሰፈሩ ይዞራሉ፤ በር ያንኳኳሉ፤ ሱቅ ይገባሉ፤ ታክሲ ተራ ድረስ ይደርሳሉ። ሰዉ መስቀል ተሳልሞ ቄጠማውን ይቀበልና ግንባሩ ላይ ያስራል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሕፃኑ እናቱ አስራለት፣ ባለሱቋ ሚዛኗን አቁማ። ያለው የአቅሙን ይሰጣል፤ የሌለው ተባርኮ ያልፋል። ሊቃውንቱ ሥርዓቱን ከኖኅ መርከብ ጋር ያያይዙታል። የጥፋት ውኃ መጉደሉን ርግቧ በለምለም ቅጠል እንዳበሰረች ሁሉ ቄጠማውም የሰላምና የድኅነት ብሥራት ነው ይላሉ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሰዓቱ ነው። ቄጠማው የሚታደለው ቅዳሜ እንጂ እሑድ አይደለም። በሰሙነ ሕማማቱ ሥርዓት ጌታ ገና በመቃብር ነው፤ የትንሣኤው ብሥራት የሚሰማው ሌሊት ነው። ከጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ወዲህ እህል ያልቀመሰው አክፋይ ቄጠማውን ራሱ ላይ አስሮ ዶሮ እስኪጮኽ መራቡን ይቀጥላል። ምልክቱ እጁ ገብቷል፤ ረሃቡ ግን አልተነሣለትም። ስለ ተስፋ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ የዚያን አክፋይ ያህል ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ግን የለም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ምልክቱን ይዘው ረሃቡ ላልተነሣላቸው ሰዎች ነው። ቁጥራቸው ትንሽ አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የተቀጣጠለው ጦርነት፣ በሌሎችም አካባቢዎች የቀጠለው ግጭት ቤቱን ያሳጣው፣ ልጁን የነጠቀው፣ ከቀዬው ነቅሎ መጠለያ ያስገባው ሕዝብ በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቆሞ ይጸልያል። ከአጠገቡ ደግሞ የወሩ ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለዘይት የማይበቃው አለ። እነዚህ ሰዎች ከዐውደ ምሕረቱም ሆነ ከመድረኩ የሚጠብቁት ቃል አላቸው፦ እግዚአብሔር የፈረሰውን ይሠራል ወይ? የጠፋውን ይመልሳል ወይ?

አንዳንድ ጉባኤዎች ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ አላቸው። አዲስ ዓመት ሲጠባ የዓመቱ መሪ ቃል በትልቁ ታትሞ መድረክ ላይ ይሰቀላል፤ ዘንድሮ የመመለስ ዓመት ነው፣ የእጥፍ ዓመት ነው ይባላል። ሕዝቡም እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። የሚያውጁት አገልጋዮች ብዙዎቹ ሰዉን ከልባቸው ይወዱታል፤ ተስፋ ሊሰጡት ነው የሚደክሙት። ይሁን እንጂ ልጁን የቀበረ አባት ሁሉም በእጥፍ ይመለስልሃል ሲባል በየትኛው አፉ አሜን ይበል? ልጅ በእጥፍ እንዴት ይመለሳል? ይህን ጥያቄ ወደ ጎን የሚተው ስብከት ቃሉን በግማሽ ነው ያነበበው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፍ ቅዱስም፣ የዚህች አገር አብያተ ክርስቲያናት ታሪክም የሚሉት ሌላ ነው። እግዚአብሔር መልሶ ሲያቆም የተወሰደውን በዓይነቱና በቁጥሩ የሚያስረክብበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሌላ ነገር ደግሞ ከተወሰደው የሚያንስበትም የሚበልጥበትም ጊዜ አለ።

ለዚህ የማውቀው ጥሩ ማስረጃ ዛሬ አዳማ በምንላት በናዝሬት ከተማ ይጀምራል። ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ የሜኖናይት እርዳታ ሠራተኞች ወደ ከተማይቱ መጡና ጣሊያኖች ትተውት በሄዱት የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ ውስጥ ሆስፒታል ከፈቱ። ሆስፒታሉ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተሰየመ። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች ተጠመቁ፤ ጉባኤው እያደገ ሄዶ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተባለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የናዝሬት ተማሪዎች ሰማያዊ ብርሃን በሚባል ማኅበር ተሰባስበው መጸለይ ጀመሩ፤ መነቃቃቱ ከተማዋን አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሆስፒታል ነበራት፣ ትምህርት ቤት ነበራት፣ አዳራሽ ነበራት። በአጭሩ የሚወረስ ነገር ነበራት።

ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ዘጋት። የክስ ወረቀት የለም፣ የፍርድ ቤት ክርክር የለም። አዳራሾቿ ታሸጉ፣ ንብረቷ ተወረሰ፣ የባንክ ገንዘቧ ተያዘ፣ ስድስት መሪዎቿ ፍርድ ሳያዩ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። በዚያ ዘመን በቀበሌ ስብሰባ መጤ ሃይማኖት የሚለው ቃል እንደ ክስ ይነበብ ነበር። እሑድ ጠዋት ሆን ተብሎ የዘመቻና የስብሰባ ሰዓት ሆነ። በተዘጋችበት ጊዜ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ አባላትና 14 አጥቢያዎች ነበሯት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዚያ ያለፉ ሰዎች ሲያወሩት ሁሉም ከአንድ ክፍል ይጀምራሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መጋረጃው በቀን ይጋረዳል። ረከቦት ቀርቧል፣ ሲኒ ተደርድሯል፣ ከሰሉ ተያይዟል። የአብዮት ጥበቃ ድንገት ቢገባ የሚያየው ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶችን ነው። ከአምስት የሚበልጥ ሰው አይሰበሰብም። አብረው አይመጡም፤ አንዷ ዘንቢል ይዛ ከገበያ እንደምትመለስ ሆና፣ ሌላው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የታመመ እንደሚጠይቅ ሆኖ ይገባል። መዝሙር በከንፈር ብቻ ይዘመራል፤ ድምፅ አይወጣም፣ አፍ ግን ይንቀሳቀሳል። አሜን ሲባል በጭንቅላት ነው። ሲወጡም በየተራ ነው፤ የመጨረሻዋ ሲኒውን አጥባ ትወጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ ይቀየራል። ድምፅ ከፍ አድርጎ ወንጌል የሚነገርባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ ቀርተው ነበር፤ ሰርግና ለቅሶ። ቀበሌ ሰርግና ቀብር መከልከል አልቻለማ! በዚያ ዘመን የአማኝ ቀብር ላይ የተነገረ ስብከት ሰምተው ሕይወታቸው የተቀየረ ሰዎች ዛሬም አሉ።

በዚያ ዘመን ቤታቸውን ለጸሎት ይከፍቱ ከነበሩ እናት ጋር አዳማ ውስጥ ተገናኝተን ነበር። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ባለቤታቸው በእምነቱ ምክንያት ከሥራ ተባርሮ፣ እርሳቸው በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆች አሳድገዋል። የሚኖሩባት የቀበሌ ቤትም በስተመጨረሻ ለሌላ ተሰጥታለች።

«እማማ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ እግዚአብሔር ምን መለሰልዎት?» አልኳቸው።

«ቤቴን ነው?» አሉና ሳቅ አሉ። «ቤቴ አልተመለሰችም። እርሱም የድሮ ሥራው አልተመለሰለትም፤ ጤናውም አልተመለሰ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ግን ልጄ፣ አዳራሽ እያለን እኔ ማን ነበርኩ? የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሰምቼ የምሄድ። አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። በሩ ሲዘጋ፣ ሰባኪው ሲታሰር፣ ማን ያንብብ ተባለ። እኔ አነበብኩ። ማን ይጸልይ ተባለ። እኔ ጸለይኩ። ያንን ማንም ወርሶ አልወሰደብኝም።»

ቀጥለውም ያልጠየቅኳቸውን ነገሩኝ። በየወሩ መዋጮ ነበራቸው። አዳራሽ የለም፣ የሚከፈል የመብራት የለም፣ የሚሠራ ሕንፃ የለም፤ መዋጮው ግን አልተቋረጠም። ገንዘቡን ከሽሮው ጣሳ ሥር ያስቀምጡ ነበር። ለታሰሩት ቤተሰቦች ጤፍ ይገዛበታል፣ ሥራቸውን ትተው በድብቅ ለሚያገለግሉት ይሰጥበታል። ለእኔ የዚያ ዘመን እምነት ፍሬ ነገር እዚያ ጣሳ ሥር ነው ያለው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠና በሮች ተከፈቱ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከተደበቀችበት ስትወጣ አባላቷ ወደ 34 ሺህ፣ አጥቢያዎቿ 53 ደርሰው ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ካሉት የሜኖናይት ቤተሰብ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ትልቋ ናት። በጥጥ መዳመጫው ውስጥ የተጀመረው ሆስፒታል ግን አልተመለሰም። የመንግሥት ሆኖ ቀርቶ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ሆኗል፤ ዛሬ እዚያ የሚታከመው ሰው የሕንፃውን ታሪክ ላያውቅ ይችላል። መልካም ነው፣ ሕመምተኛ ይታከምበታል። ነገር ግን ጌታ ይመልሳል ሲባል በ1974 ዓ.ም. ሰው የጸለየው ያ ሆስፒታልና ያ አዳራሽ እንዲመለስ ነበር። የመጣው መልስ ደግሞ አንብቡ ሲባሉ የሚያነቡ፣ ምሩ ሲባሉ የሚመሩ ሰዎች ናቸው።

ወላይታ ውስጥ ከዚያ ቀደም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያንን ከሶዶ ሲያስወጣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ፣ በእጃቸው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የሌላቸው ገበሬዎች ነበሩ። የጸሎት ቤቶቻቸው ፈረሱ፤ መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጣሊያን ተባርሮ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ወደ አሥር ሺህ የሚሆን አማኝ ነበር። እያለቀሱ የሄዱት ሰዎች ማመን አቅቷቸው እንደነበር ሁሉም ይጽፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልኩ ቅር ይለኛል። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሰማ ሰው ስደት ለቤተ ክርስቲያን ይበጃታል ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። ውስጥ እግሩን ለተገረፈው ሰው ይህ ስድብ ነው። በዚያ ዘመን እምነቱን የተወ አለ፤ ከእስር የወጣ ግን ከቅዠቱ ያልወጣ አለ፤ አባቱ በመታሰሩ ከትምህርት የቀረ ልጅ አለ። እግዚአብሔር ከክፉ ነገር በጎ ማውጣት መቻሉ ክፉውን በጎ አያደርገውም። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ባላቸው ቀን እንኳ ያደረጉት ነገር ክፉ መሆኑን አልሸሸገላቸውም።

ወደ እጥፉ ልመለስ። የእጥፍ ስብከት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከኢዮብ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስለ እጥፍ መናገሩም እውነት ነው። እስቲ ግን ቁጥሩን ቁጭ ብለን እንየው። ሰባት ሺህ በጎቹ አሥራ አራት ሺህ ሆኑ። ሦስት ሺህ ግመሎቹ ስድስት ሺህ ሆኑ። አምስት መቶ ጥማድ በሬዎቹ ሺህ፣ አምስት መቶ እንስት አህዮቹም ሺህ። ልጆቹስ? ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ነበሩት፤ በመጨረሻም የተወለዱለት ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። ከብቱ ታጠፈ፤ ልጅ አልታጠፈም። የሞቱት አሥሩ ደግሞ አልተነሡም። ከጥንት ጀምሮ ብዙ ተርጓሚዎች ይህን ሲያስረዱ ከብት ጠፍቶ ይቀራል፣ ልጆቹ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ስለሚቈጠሩ ከአዲሶቹ ጋር ሲደመሩ እጥፍ ናቸው ይላሉ። ትርጓሜው ያጽናናል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለው ዝምታ ላይ መቆየት እወዳለሁ፤ መጽሐፉ ኢዮብ የሞቱትን ልጆቹን ረሳ አይልም። አዲሶቹን ልጆች ሲያቅፍ የድሮዎቹ ስም ከአፉ እንደማይጠፋ ማንኛውም ወላጅ ያውቃል። በዕድሜው ፍጻሜ የተባረከው ኢዮብ አሥር መቃብር ያለው ኢዮብ ነው።

ኢዩኤልም እንዲሁ ነው። ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ እየተፈራረቁ ምድሩን የላጡበትን ዘመን ካወራ በኋላ፣ አንበጣው የበላቸውን ዓመታት እግዚአብሔር እንደሚመልስ ይናገራል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ የደረሰ ማሽላውን ዓይኑ እያየ የበላበት የወሎ ገበሬ ይህን ምዕራፍ ከማንም ሰባኪ በላይ ይረዳዋል። ያ ገበሬ አንድ ነገር ደግሞ ያውቃል፤ የሚቀጥለው ዓመት አዝመራ ቢያምር፣ ጎተራው ቢሞላ እንኳ ያ ዓመት አልተመለሰም። በዚያ ዓመት በረሃብ የተሸጠው በሬ፣ ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ አለ። የሚመለሰው እህሉ ነው። ዓመቱን መመለስ ግን ከጎተራ በላይ የሆነ ሥራ ነው፤ የተበላ ዘመን ትርጉም እንዲያገኝ ማድረግ የእግዚአብሔር ብቻ ድርሻ ነው።

ይህን ለማየት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን ማስታወስ ግድ ይለኛል። ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ ደርግ ደጋግሞ አስሮ ፈትቷቸዋል። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ እንዳመቻቹላቸው፣ እርሳቸው ግን ሕዝባቸውን ትተው መሄድን እንዳልተቀበሉ በታሪካቸው ይነገራል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዑራኤል በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ ካስተማሩ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ታገቱ። ወይዘሮ ፀሐይ ተለቀቁ፤ ቄስ ጉዲና አልተመለሱም። በቀጣዩ ዓመት ወይዘሮ ፀሐይ ራሳቸው ታሰሩ። ተሰቃዩ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ወደ አሥር ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። ባላቸው በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ እንኳ የሚነግራቸው አልነበረም።

አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ በተደረገ ቁፋሮ አጽም ተገኘ፤ የቄስ ጉዲና ነበር። በዚያው ግቢ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽምም ተገኘ። እርሳቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታስረው፣ በዚያው በ1971 ክረምት ነበር የተገደሉት። የሁለት የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአንድ ግቢ አፈር ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት አብረው ከርመዋል። የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽም በክብር ወጥቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል አረፈ፤ ቄስ ጉዲናም በምእመናኑ ፊት ተቀበሩ።

ይህ መመለስ ነው? አንዲት ሚስት ባሏን ጠብቃ አጽሙን ስትረከብ ተመለሰልሽ ይባላል? በእኛ አገር መልሱን ለማወቅ ለቅሶ ላይ መቀመጥ ይበቃል። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ለቅሶ አያልቅም፤ እርሙን ያላወጣ ቤተሰብ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ወይዘሮ ፀሐይ አልቅሰው የሚቀብሩት ነገር ተሰጣቸው። ከጸለዩት እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ከነበረው ባዶ ይልቅ እጅግ የሚበልጥ ነው። ስለ ደረሰባቸው ሁሉ በግልጽ ተናግረዋል፤ ሥቃዩን አላለሳለሱትም፣ እምነታቸውንም አልጣሉም። ሁለቱን በአንድ አፍ የሚናገር ምስክር በቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ሲቆም ማየት እንዴት ብርቅ ነው!

ከባቢሎን የተመለሱት አይሁድም ይህን ያውቁታል። ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ፈረሰች፣ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ የፋርሱ ቂሮስ ተመለሱ አለ። ተመልሰው የአዲሱን ቤተ መቅደስ መሠረት የጣሉ ቀን ምን እንደሆነ ዕዝራ ጽፎታል። ብዙዎች በደስታ ጮኹ። የመጀመሪያውን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ግን በታላቅ ድምፅ አለቀሱ። ሕዝቡም የደስታውን ድምፅ ከልቅሶው መለየት አልቻለም። ማንም ሽማግሌዎቹን ዝም በሉ፣ እምነት የላችሁም አላላቸውም። ልቅሶው የዚያ ቀን አምልኮ አካል ሆኖ ተጽፎ ቀረ።

እኛም በዘመናችን እንደዚያ ያለ ቀን አይተናል። ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በስደት ቆይተው ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከአሜሪካ ሲመለሱ፣ በሁለት ሲኖዶስ ተከፍሎ የኖረው የአገር ቤቱና የውጩ ምእመን አንድ ሆነ። ዋሺንግተን ላይ በተለያየ ደብር ሲያስቀድሱ የኖሩ እኅትማማቾች ሳይቀሩ ተቃቀፉ። ሆኖም ነገሩ 1983 ዓ.ም. ላይ ወደነበረበት አልተመለሰም። አስተዳደሩ በአገር ቤቱ ፓትርያርክ በአቡነ ማትያስ እጅ ቀጠለ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ ተቀመጡ። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ፓትርያርክ። የካቲት 2014 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ምእመናናቸው መካከል ነበሩ። በስደት የሞቱት ካህናት፣ ያ ቀን ሳይደርስ ያለፉ ምእመናን አልተመለሱም። ደስታውም ልቅሶውም የዚያን ቀን እውነት ነበር።

ስለዚህ ዛሬ በመከራ ውስጥ ላለ ሰው ምን እንበለው? እንደኔ ከሆነ በመጀመሪያ ቀኑን ከመቁረጥ እንቆጠብ። በዚህ ዓመት፣ በዚህ ወር ይመለስልሃል ብሎ ቀን የቆረጠ ሰው፣ ቀኑ ሲያልፍ የሰውየውን ሐዘን በእጥፍ ያደርገዋል። አሁን በእግዚአብሔርም የተከዳ ይመስለዋልና። ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች ደብዳቤ የጻፈው ይህን የመሰለ ስብከት በዝቶ ነው። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል ብሎ አውጆ ነበር፤ ሕዝቡም ወዶታል። ኤርምያስ ግን ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። ሰባ ዓመት ነው አላቸው። ደብዳቤው ውስጥ ያለው ተስፋ ትልቅ ነው፤ ሰዎች በየግድግዳቸው የሚሰቅሉት ያ የታወቀ የተስፋ ቃልም እዚያው ደብዳቤ ውስጥ ነው ያለው። ግን ከሰባው ዓመት ተነጥሎ ሲሰቀል ሌላ መልእክት ይሆናል። በተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ልጅዋን ትምህርት ቤት ያስገባች እናት፣ ከድንኳኑ ጎን ጎመን የዘራ ሰው፣ ያንን ደብዳቤ ሳያነብ እየኖረበት ነው። ያንን እምነት ማነስ አድርጎ የሚያይ ካለ ኤርምያስን ያንብብ።

ኤርምያስ ራሱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አድርጓል። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቦ፣ የአፈር ድልድሉ እስከ ቅጥሩ ደርሶ፣ ራሱ ኤርምያስ በዘበኞች ግቢ ታስሮ ሳለ፣ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ ዓናቶት ያለችውን እርሻ ግዛኝ አለው። ዓናቶት በዚያን ጊዜ በጠላት እጅ ነች። በከበባ ውስጥ ባለች ከተማ መሬት የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ያውቃል፤ የሚገዛ ሰው ነው የሚገርመው። ኤርምያስ ገዛት። ነገሩን በግርግር አላደረገውም፤ ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች አስፈረመ። አሥራ ሰባት ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ከፈለ። የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱንም የውል ወረቀት ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጠው፤ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑረው አለው። ከዚያም ከሚዛኑ ዘወር ብሎ ጸለየ፤ ጸሎቱ ውስጥ ግራ መጋባቱ ሳይቀር አለ። ከተማይቱ ለከለዳውያን ልትሰጥ ነው፣ አንተ ደግሞ እርሻ ግዛ ትለኛለህ ብሎ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ጠየቀው።

ከተማይቱ ወደቀች። የቀሩት አይሁድ ኤርምያስን ይዘውት ወደ ግብፅ ወረዱ፤ ከዚያ ስለ መመለሱ የተጻፈ የለም። ያችን እርሻ አላረሳትም፣ አንድ እፍኝ እህል አልዘራባትም። ከምርኮ ከተመለሱት መካከል ግን ዕዝራ ሲቆጥር የዓናቶት ሰዎች መቶ ሃያ ስምንት ናቸው።